ብስክሌት በአውቶቡስ ጣራ፤ የመጫኛና የጎን ኮረጆ አመራረጥ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላል። በገጠር ቀበሌ ተመድቦ የሚሠራ ሰው ግን በአንድ ማለዳ ሁለት መጓጓዣ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ከሚያድርበት ከተማ እስከ መገንጠያው ያለውን ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ ገበሬው ደጃፍ ያለውን ኮረኮንችና የአፈር መንገድ ደግሞ በብስክሌቱ ይዘልቀዋል። በእግሩ ቢሄድ ግማሽ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ሞተር ብስክሌት የሚደርሰው ለጥቂቱ ሲሆን፣ ቢደርሰውም የቤንዚኑ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። በመሆኑም ብስክሌትን በአውቶቡስ ጣራ አስጭኖ ሄዶ ቀሪውን እየነዱ መድረስ በብዙ አካባቢ የተለመደ አጓጓዝ ሆኗል።

ችግሩ የሚመጣው በዕቃው ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛው የዘር ናሙና፣ ሜትር፣ መዝገብና የዕለት ስንቁን ይይዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ሳጥን፣ የሕፃናት ሚዛንና የምትሞላቸው ቅጾች አሏት። አነስተኛው ነጋዴ ባዶውን ሄዶ እንቁላል፣ ቲማቲም ወይም ዓሣ ጭኖ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚያርፍበት መጫኛና ኮረጆ ተመርጦ ካልተገዛ፣ ወይም ተመርጦ ካልተሠራ፣ ሠራተኛው ከመገንጠያው ወርዶ ብስክሌቱን ሲረከብ ብረቱ ተጣሞ፣ ብሎኑ ወልቆ ወይም ኮረጆው ከናካቴው ጠፍቶ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ዕቃ ተይዞ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋና መንገድ ከአዲስ አበባ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘውን መቂን፣ ከዚያም ባቱን (ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ ይላታል)፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፎ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ ይዘልቃል። መቂና ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ ለብስክሌት የተፈጠረ ይመስላል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚለማበት፣ ከሐይቁም ቆሮሶና አምባዛ የሚወጣበት አገር ስለሆነ የሚጫን ነገር አይጠፋም። ዋናው መንገድ አንድ መስመር ሲሆን ቀበሌዎቹ ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ገብተው የተቀመጡ ናቸው። አውቶቡሱ መስመሩን ይዞ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብስክሌቱ ነው።

መጫኛ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለዚህ ጉዞ ግን አይበቃም። በአውቶቡስ ለሚጓዝ ብስክሌት መጫኛና ኮረጆ የሚፈተነው በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን በመናኸሪያ ውስጥ ነው። ረዳቱ «ፈጠን በሉ!» እያለ በሚጮህበት በዚያ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኮረጆው ከብስክሌቱ መላቀቅ፣ ብስክሌቱም ባዶውን ወደ ጣራ መውጣት አለበት። ጣራው ላይ ደግሞ የእህል ጆንያ፣ የፍራሽ ጥቅልና የዶሮ ቅርጫት በላዩ ይከመርበታል። እነዚህን ሁለት ፈተናዎች የሚያልፍ መጫኛ ቢሸከም የሚችለው ኪሎ ትንሽ እንኳ ቢሆን ከሌላው ይሻላል።

መጫኛው

ነገሩ የሚያስቅም ነው። በጣሊያንኛ ጓዝ ማስቀመጫ ማለት ከሆነው ቃል የወረስነውን «ፖርቶ መጋላ» ለአውቶቡሱ ጣራም ለብስክሌቱ የኋላ ብረትም እንጠቀምበታለን። ትንሿ ፖርቶ መጋላ ትልቋ ላይ በወጣች ጊዜ የትኛዋ ትጎዳለች ቢባል መልሱ ግልጽ ነው። ከዚህ በታች ግራ እንዳያጋባ የብስክሌቱን «መጫኛ»፣ የአውቶቡሱን «ጣራ» ማለት ይሻላል።

በገበያ ላይ የሚገኙት መጫኛዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከከባዱ የቻይና ወይም የህንድ ብስክሌት ጋር አብሮ የሚመጣው የብረት መጫኛ ነው። ፎኒክስ፣ ፍላይንግ ፒጅን ወይም ሄሮ የሚል ስም ያለባቸውና ባለ 28 ኢንች ጎማ የሆኑት ጥቁሮቹ ብስክሌቶች መጫኛቸው ከኋላ ጎማ አክሰል ላይ በወፍራም እግር የተተከለ ነው። ብስክሌቱ ራሱ 20 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ወደ ጣራ ሲወጣ ረዳቱን ማማረሩ አይቀርም፤ መጫኛው ግን በቀላሉ አይበገርም። ቢጣመምም በመዶሻ ይቃናል፣ ቢሰበርም የትም ወረዳ ከተማ ያለ በያጅ ይበይደዋል።

ሁለተኛው ከአሉሚኒየም የተሠራው ቀላል መጫኛ ሲሆን በተለምዶ ማውንቴን ለሚባለው ብስክሌት ተብሎ የሚሸጥ ነው። ክብደቱ ትንሽ፣ መልኩም ያማረ ነው። ለከተማ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሉሚኒየም ከብረት የሚለየው ቀስ ብሎ አለመጣመሙ ነው፤ ሲደጋገምበት ድንገት ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም የሚበይድ መሣሪያና ባለሙያ ደግሞ በወረዳ ከተማ አይገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወርክሾፕ ለራቀው ሠራተኛ ከብረት ቱቦ የተሠራው፣ ምንም እንኳ ግማሽ ኪሎ ቢጨምርበት፣ ተመራጭ ነው።

ሦስተኛው ከመቀመጫው ምሰሶ ላይ በአንድ ማቀፊያ ብቻ ተጠፍሮ ወደ ኋላ በአየር ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ይህ ዓይነቱ እግር የለውም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ አትጫኑበት ይላሉ፤ በኮረኮንች ላይም ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። በአውቶቡስ ጣራ አንድ ጆንያ ቢያርፍበት ያበቃለታል። ርካሽና በቀላሉ የሚገጠም ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸወድበታል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከቶውንም አይመከርም።

የሚሸከመው ኪሎ ብዙ ጊዜ በመጫኛው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አይኤስኦ 11243 የተባለው የዓለም አቀፍ ደረጃ ለብስክሌት መጫኛ የወጣ ሲሆን፣ በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ቁጥሮች 18 እና 25 ኪሎ ግራም ናቸው። 25 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የማዳበሪያ ከረጢትን ማሰብ ይበቃል፤ ሙሉው 50 ኪሎ ነው። በሌላ አነጋገር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ በግራና በቀኝ ቢንጠለጠል ብቻውን ከ40 ኪሎ ስለሚያልፍ መጫኛውን ከተጻፈበት በላይ አስጨነቀው ማለት ነው። በሜዳ ላይ ይህን ጭነው ሲሄዱ የሚታዩ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። የሚሰበረውም የመጀመሪያ ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ወር ነውና ጥፋቱ በጉድጓዱ ላይ ይላከካል።

ሲገዙ መታየት ያለበት ሌላው ነገር እግሩ ነው። ጥሩ መጫኛ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ወይም ሦስት እግር ኖሮት፣ የታችኛው ጫፉ አክሰሉ አጠገብ፣ የላይኛው ጫፉ ከመቀመጫው በታች ካለው የብስክሌቱ አካል ጋር የታሰረ ይሆናል። በጎን ያለው እግር አንድ ብቻ ከሆነ ኮረጆው ወደ ውስጥ እየተወዘወዘ ከጎማው ሽቦዎች መካከል ሊገባ ይችላል። ይህ ደግሞ በጉዞ ላይ ሆኖ ጎማውን በአንዴ ጥርቅም አድርጎ የሚያስቆም አደጋ ነው። አንድ እግር ብቻ ያለውን መጫኛ የገዛ ሰው ከቀጭን ፌሮ ክፈፍ አስቆርጦ በጎንና በጎን ማስበየድ ይችላል። ዋጋውም ከኮረጆው ዋጋ የሚያንስ ነው።

ጣራውን በሚመለከት ደግሞ ወጣ ወጣ ያለ ነገር የሌለበትን መምረጥ ይገባል። ከመጫኛው ጫፍ ላይ የተሰካ አንጸባራቂ፣ የኋላ መብራት፣ በስፕሪንግ የሚከፈት አፍ፣ ይህ ሁሉ በገመድ ሲጎተት ተሰብሮ የሚቀር ነው። አንጸባራቂው ለማታ ጉዞ አስፈላጊ በመሆኑ መጣል የለበትም፤ ከጫፉ ተነቅሎ ከፓራፋንጎው ላይ ወይም ከመጫኛው ስር ገባ ብሎ ቢታሰር ይተርፋል። የመጫኛው ስፋትም ከመሪው ስፋት እጅግ ያነሰ መሆን አለበት፤ ሰፊው በጣራው ላይ የሰው ዕቃ እየያዘ ለጠብ ይዳርጋል።

ማውንቴን የሚባሉት ብስክሌቶች ብዙዎቹ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ የላቸውም። ከኋላ ስፕሪንግ ያለባቸው ከሆኑ ደግሞ እግር ያለው መደበኛ መጫኛ አይገጠምላቸውም፤ ምክንያቱም የላይኛውና የታችኛው አካል ለየብቻ ስለሚንቀሳቀስ መጫኛው በሁለቱ መካከል ይቀጠቀጣል። ዕቃ መጫን የሚፈልግ ሰው ስፕሪንግ ያለበትን ብስክሌት ከመጀመሪያውም አለመግዛቱ የተሻለ ነው። ቀዳዳ ብቻ የጎደለው ግን በላሜራ ማቀፊያ ይታሰራል፤ በማቀፊያውና በብስክሌቱ አካል መካከል የከመነዳሪ ቁራጭ ከተደረገበት አይንሸራተትም፣ ቀለሙንም አይልጥም።

ኮረጆው

ዕቃን በጎንና በጎን አከፋፍሎ መጫንን የአገራችን ገበሬ ከአህያው ጋር ሲያውቀው የኖረ ነው። የአህያ ጭነት በአንድ ወገን ካመዘነ ኮርቻው ይዞራል፤ ጀርባዋም ይላጣል። የብስክሌቱም ነገር ከዚህ አይለይም። በመጫኛው አናት ላይ የተከመረ ዕቃ ወደ ላይ ስለሚያስረዝመው ብስክሌቱን ያንገዳግደዋል፤ በጎን ወደ ታች ወርዶ የተንጠለጠለው ግን ክብደቱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ መሪው አይረበሽም። ስለዚህ ከባዱ ነገር በኮረጆው ታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ የግራውና የቀኙም ተቀራራቢ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ሚዛን ባይኖር በሁለት እጅ ከፍ አድርጎ ማወዳደር ይበቃል።

ለአውቶቡስ ተጓዥ ዋናው ጥያቄ ኮረጆው እንዴት ይላቀቃል የሚለው ነው። ሁለቱ ጎን በመጫኛው ላይ በሚያልፍ ጨርቅ የተያያዘ ኮረጆ፣ ማለትም እንደ በቅሎ ኮረጆ በጀርባ ላይ የሚጣለው፣ ርካሽና ጠንካራ ነው። አንዴ ብድግ ሲደረግ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ፤ በትከሻም ይጣላል። ጉድለቱ በኮረኮንች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተቱ ስለሆነ ከታች ከመጫኛው እግር ጋር የሚያያዝ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ሌላው ዓይነት በሁለት መንጠቆ ከመጫኛው ብረት ላይ የሚሰቀለው ለየብቻ የሆነ ኮረጆ ነው። ይህ ሲሰቀልና ሲወርድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መንጠቆው ፕላስቲክ ከሆነና ከተሰበረ መለዋወጫው በቅርብ አይገኝም። የብረት መንጠቆ ያለው ወይም መንጠቆው በብሎን የታሰረው ቢመረጥ፣ ሲሰበር ከወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ መተካት ይቻላል።

መንጠቆ ያለውን የሚገዛ ሰው የመጫኛውን ብረት ውፍረት ሳይለካ መግዛት የለበትም። ከውጭ የሚመጡት መንጠቆዎች ብዙዎቹ የተሠሩት 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለሆነ ቱቦ ነው። የከባዱ ብስክሌት መጫኛ ግን አንዳንዱ ጠፍጣፋ ላሜራ፣ አንዳንዱም ከዚያ የወፈረ ቱቦ ስለሆነ አይገባም፤ ወይም ገብቶ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጠው የከመነዳሪ ቁራጭ ቢጠመጠምበት ይይዛል። የማይገባው ግን አይገባም።

የተረከዝ ነገር ብዙ ጊዜ ተረስቶ ኋላ የሚያናድድ ነው። ኮረጆው ወደ ፊት ሲጠጋ ፔዳል በተመታ ቁጥር ተረከዝ ይነካዋል። ከፔዳሉ መሐል እስከ ኋላ አክሰል ያለው ርቀት በከባዶቹ ጥቁር ብስክሌቶች ረዘም ስለሚል እምብዛም ችግር የለም፤ በማውንቴን ግን አጭር ነው። እግሩ ትልቅ የሆነና ቦቲ ጫማ የሚያደርግ ሠራተኛ ኮረጆውን ከመግዛቱ በፊት ሰቅሎ፣ ተቀምጦ፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ማዞር ይኖርበታል። ከነካው ወደ ኋላ ማንሸራተት ይቻላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከአክሰሉ አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ የፊት ጎማው ይቀልና ዳገት ላይ መሪው መታዘዝ ያቆማል። የፊት ጥጉ ወደ ኋላ አግድም ተቆርጦ የተሰፋ ኮረጆ ለዚህ መፍትሔ ነው።

የውጭ ኮረጆ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ውኃ ባያስገባም ስፌቱ በቀላሉ ይተረተራል፤ በብቻው አይበቃም። ከውጭ የድንኳን ሸራ፣ ከውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ፣ ለጀርባው ጠንካራ ካርቶን ወይም ስስ ኮምፔንሳቶ ገብቶበት ጫማ በሚሰፋ ባለሙያ ቢሰፋ ግን ዓመታት የሚያገለግል ይሆናል። ጀርባው ድርቅ ያለ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ አለበለዚያ ወደ ጎማው ያብጣል። ከዚህም የቀለለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከላይ አፉ በኩል ተቆርጦ በሁለት የብረት መንጠቆ የሚሰቀለው ነው። መልኩ ባያምርም ዝናብ አያስገባም፣ ይታጠባል፣ እንቁላልና ብልቃጥ ከግጭት ይጠብቃል። በተለይ ከባቱ ዓሣ ይዞ ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ ኮረጆ የለም። የሸራው ኮረጆ አንዴ ዓሣ ከገባበት ሽታው ለወራት አይለቀውምና በአውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ተሳፋሪ ማጣቱ የታወቀ ነው።

የክዳን ነገርም አለ። ዚፕ በአቧራ ቶሎ ይበላሻል። የአፉ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዘለበት የሚታሰረው ወይም በሰፊ ክዳን የሚሸፈነው ለስምጥ ሸለቆው አቧራም ለክረምቱ ዶፍም የሚሆን ነው።

መናኸሪያው ውስጥ

ኮረጆው ከባለቤቱ አይለይም። ይህ ሕግ ቢሆን ያስደስት ነበር። በጣራ ላይ ከብስክሌቱ ጋር የተተወ ኮረጆ ከጆንያ ስር ይጨፈለቃል፣ በዝናብ ይርሳል፣ ሌላው መንገደኛ በየማቆሚያው ሲወርድም ተሳስቶ ወይም ሳይሳሳት ይዞት ሊሄድ ይችላል። በተለይ የክትባት ሳጥን በጣራ ላይ መጫን የለበትም። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ የቆላ ፀሐይ የሚያግለው ጣራ ደግሞ የሳጥኑን በረዶ ያለጊዜው ያሟሟዋል። ከዚያም ሠራተኛዋ 12 ኪሎ ሜትር ነድታ ከደረሰች በኋላ ጥቅም የሌለው ብልቃጥ ይዛ እናቶቹን ባዶ እጃቸውን ትመልሳለች። ስለዚህ ሳጥኑ በመጫኛው አናት ላይ የሚታሰረው በአንድ ጊዜ በሚፈታ ባለዘለበት ቀበቶ መሆን አለበት። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ ቢይዝም ቋጠሮው ለመፍታት ጊዜ ይወስዳል። አውቶቡስ ሲጠበቅ ደግሞ ጊዜ የለም።

ኮረጆው ወደ ውስጥ ገብቶ ከጉልበት በታች ወይም ከመቀመጫ ስር እንዲቀመጥ መጠኑ ልከኛ መሆን ይኖርበታል። እጅግ ትልቅ ኮረጆ መንጠቆው ቢላቀቅም በአውቶቡሱ በር አያልፍም፤ ረዳቱም ተጨማሪ ሒሳብ ይጠይቃል። ሁለት መካከለኛ ኮረጆዎች ከአንድ ትልቅ የሚሻሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የትከሻ ማንገቻ ያላቸው ከሆኑ ደግሞ እጅ ብስክሌቱን ለማቀበል ነፃ ይሆናል።

ብስክሌቱ ወደ ጣራ ከመውጣቱ በፊት መሪውን በመፍቻ አላልቶ ከአካሉ ጋር ትይዩ ማድረግ ስፋቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ይህ ግን ፍሬናቸው በሽቦ ለሚሠራ ብስክሌቶች ብቻ ነው። ከባዶቹ ጥቁር ብስክሌቶች ብዙዎቹ ፍሬናቸው በብረት ዘንግ የሚሠራ በመሆኑ መሪው ሲጠመዘዝ ዘንጉ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ አንዱን ወገን ብቻ ይይዛል ወይም ጨርሶ አይዝም። እነዚህን መሪያቸውን ሳይነኩ እንዳሉ መጫን ይገባል። ፔዳል መፍታት የፈለገ ሰው የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን ማስታወስ አለበት፤ ይህን ሳያውቅ ወደተለመደው አቅጣጫ ሲታገል ይበልጥ የሚያጠብቀው ብዙ ነው።

በጣራው ላይ ካቴናው ያለበት ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛል። ብስክሌቱ በመጨረሻ፣ ከሌላው ጭነት ሁሉ በላይ፣ እንዲወጣ ረዳቱን በትህትና መጠየቅ ከማንኛውም ጥሩ መጫኛ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ረዳቶች በልመናም ቢሆን ይስማማሉ፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ የሚወርድ ሰው ዕቃ ከላይ መሆኑ ለእነርሱም ይቀላል። ገመዱ የሚያልፈው በብስክሌቱ ዋና አካል እንጂ በመጫኛው ወይም በጎማው ሽቦ መካከል አለመሆኑን ባለቤቱ ራሱ ማየት አለበት። በመጫኛው ላይ ገመድ አሳልፎ መጎተት እጅግ ጠንካራውን እንኳ ያጣምመዋል።

የጣራው ጣጣ የሌለበትም አገር አለ። በአሜሪካ በብዙ ከተሞች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ጭምር፣ የከተማ አውቶቡሶች ብስክሌት የሚሸከሙት በግንባራቸው ላይ በተገጠመ በሚታጠፍ መደርደሪያ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብስክሌት ይይዛል፤ ባለቤቱ ራሱ ይጭናል፣ ራሱም ያወርዳል። የፊት ጎማውን ከላይ የሚጫነው ክንድ ግን ፊት ለፊት ቅርጫት ወይም መጫኛ ያለበትን ብስክሌት አንዳንድ ጊዜ አይመቸውም፤ ኮረጆውም የሾፌሩን እይታ ወይም መብራቱን እንዳይጋርድ አስቀድሞ መነሳት አለበት። ብረቱ ተለየ እንጂ እዚያም አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ኮረጆን በእጅ አድርጎ መጠበቅ አልቀረም።

አውቶቡስና ብስክሌትን አጣምሮ የሚጠቀም ሰው ዳገቱን ለአውቶቡሱ፣ ቁልቁለቱን ለብስክሌቱ መተዉ የተለመደ ብልሃት ነው። ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮፈሌ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከሻሸመኔ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ድንቹና ጎመኑ የታወቀ ነው። ጠዋት ብስክሌትን በአውቶቡስ አውጥቶ፣ ሥራን ጨርሶ፣ በሁለት ኮረጆ ድንች ጭኖ መውረድ ያጓጓል። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። የከባዶቹ ብስክሌቶች ቸርኬ የተሠራው ከብረት በመሆኑ በዝናብ ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል፤ በደረቅ ጊዜ በአጭር ርቀት የሚያቆመው ፍሬን በእርጥብ ጊዜ እጅግ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። የኋላው ጭነት ሲጨመርበት ከዚያም ይረዝማል። በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ችግሩ በብዙ ይቀንሳል። ባለ ብረት ቸርኬው ብስክሌት በክረምት ከደጋ የሚወርድ ከሆነ ድንቹ በአውቶቡስ ቢመለስ፣ ባለቤቱም ቀጥ ባለው ቦታ ወርዶ ቢገፋ ይመረጣል። የአንድ ኮረጆ ድንች ዋጋ የአጥንት ስብራት አይከፍልም።

የኋላ ጎማውም ሊታሰብበት ይገባል። ከነጂውም ከዕቃውም ክብደት የሚበዛው በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ መጀመሪያ የሚበጠሱት የኋላው ሽቦዎች ናቸው። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ከባዱ ብስክሌት የፊት ጎማው 32፣ የኋላው 40 ሽቦ እንዲኖረው የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነበር። የኋላ ጎማው 36 ወይም ከዚያ በታች ሽቦ ያለውን ብስክሌት የያዘ ሰው ጭነቱን በዚያው ልክ መቀነስ፣ በየሳምንቱም ሽቦዎቹን በጣት እየነካ የላላ መኖሩን መፈተሽ ይጠበቅበታል። አንድ ሽቦ ሲበጠስ ወዲያው ካልተተካ ጎረቤቱ ይከተላል።

በመጨረሻም መሣሪያ ሳይያዝ አይኬድም። የመጫኛ ብሎኖች አብዛኞቹ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ዳዷቸው በ8 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል፤ ወፈር ያሉት ባለ 6 ሚሊ ሜትሮቹ በ10 ቁጥር። አውቶቡስ በኮረኮንች ላይ ለሁለት ሰዓት የሚያንቀጠቅጠው ብስክሌት በሰው ከተነዳው በላይ ብሎኑ ይላላል፤ የተንቀጠቀጠውን ጨብጦ የሚይዝ ሰው የለምና። ከእያንዳንዱ ዳዶ ስር የስፕሪንግ ሮንዴላ ቢገባ ወይም ሁለት ዳዶ ተደራርቦ ቢጠብቅ መላላቱ ይቀንሳል። ሁለቱ ቁልፎች፣ ሦስት አራት ትርፍ ብሎንና ዳዶ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ሽቦና የከመነዳሪ ቅዳጅ በትንሽ ከረጢት ሆነው በኮረጆው የጎን ኪስ ሊቀመጡ ይገባል። ከመገንጠያው ወርዶ ብስክሌቱን የተረከበ ሠራተኛም ኮረጆውን ከመስቀሉ በፊት አራቱንም የመጫኛ ብሎኖች በቁልፍ ይሞክራል። አውቶቡሱ ግን ይህን እስኪጨርስ አይጠብቀውም፤ ረዳቱ በሩን ዘግቶ «ሳበው!» ብሏል።